የሚጥል በሽታና መድኃኒቱ፦ ከሐበሻዊቷ ሴት እስከ ጣና ዳር

ቢስሚላሂ አርራሕማኒ አርራሒም

  በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሣው ጉዳይ በብዙ ቤት ውስጥ ያለ፣ ነገር ግን ከደጃፍ ወጥቶ የማይወራ ነው። እርሱም የሚጥል በሽታ ነው። የምንነጋገረውም በተለይ በሽታውን ስለሚይዘው መድኃኒት ታሪክ ይሆናል። ክኒኑ ከየት መጣ? እኛ ዘንድስ እንዴት ደረሰ? ደርሶስ ለምን ከእጃችን ያመልጣል?

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ይህን ርእስ እንድናነሣ ያስገደደንን ነገር እንንገራችሁ። ከዓመታት በፊት በጣና ዳር ካሉት መንደሮች ከአንዱ የመጡ አባት ከዙህር ሶላት በኋላ ጠብቀው አነጋገሩን። ልጃቸውን ከትንሽነቷ ጀምሮ ይጥላት ነበር። ጤና ጣቢያ ወስደዋት ክኒን ከጀመረች ወዲህ ግን ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልጣላትም። «ሸኽ፣ ልጄ ድናለች፤ ክኒኑን ብናስቆማት ምን ይሉናል?» አሉን። እኛም ሳናጣራ «አልሐምዱሊላህ! ከዳነችማ ምን ያደርግላታል?» ብለን አሰናበትናቸው። ወር ሳይሞላ ልጅቷ እንጀራ እየጋገረች ሳለ እሳቱ ላይ ወደቀች። ነፍሷ ተረፈ፤ ቀኝ እጇ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። አባትየው አልወቀሱንም፤ «የአላህ ቀድር ነው» ብለው ዝም አሉ። እኛ ግን ባላወቅነው ነገር መልስ መስጠታችን እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠናል። ያን ቀን ባለማወቅ ያልነውን ዛሬ በማወቅ ለማረም ነው ይህን ዝግጅት ያሰናዳነው።

ሐበሻዊቷ ሴትና ምርጫዋ

የሚጥል በሽታ በዐረብኛ «ሶርዕ» ይባላል። በእስልምና ታሪክ ውስጥ ስለዚህ በሽታ ሲነሣ በቅድሚያ የምትታወሰው አንዲት ሴት ናት። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ ታላቁ ሶሐባ ዐብዱላህ ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) ለተማሪያቸው ለዐጧእ ኢብን አቢ ረባሕ ከጀነት ሰዎች የሆነች ሴት እንደሚያሳዩት ነግረው ወደ አንዲት ጥቁር ሴት አመለከቱት። ይህች ሴት ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ መጥታ በሽታው እንደሚጥላትና ስትወድቅም ሰውነቷ እንደሚገለጥ ነግራ ዱዓ እንዲያደርጉላት ጠየቀች። እርሳቸውም ብትታገሥ ጀነት እንዳላት፣ ከፈለገችም አላህ እንዲያሽራት እንደሚለምኑላት ነግረው ምርጫውን ለእርሷ ሰጧት። እርሷም ትዕግሥቱን መረጠች፤ ነገር ግን ስትወድቅ እንዳትገለጥ ዱዓ እንዲያደርጉላት ለመነች፤ ዱዓም አደረጉላት። በአንዳንድ ዘገባዎች ስሟ ሱዐይራ እንደሆነና ሐበሻዊት እንደነበረች ተጠቅሷል።

ይህን ሐዲሥ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ነገር ግን አንዳንዴ ከቦታው ውጭ እንጠቀምበታለን። የታመመ ልጅ ያላት እናት ስትመጣ «ታገሺ፣ አጅር አለው» ብለን እንሸኛታለን። እስቲ ሐዲሡን ረጋ ብለን እንመልከተው። አንደኛ፣ ትዕግሥቱን የመረጠችው ሴትየዋ ራሷ ናት፤ ሌላ ሰው አልመረጠላትም። ሁለተኛ፣ ጀነት እንዳላት የነገሯት የአላህ መልእክተኛ ናቸው፤ ከእርሳቸው በኋላ ለማንም እንዲህ ያለ ዋስትና ሊሰጥ የሚችል ሰው የለም። ሦስተኛ፣ ሴትየዋን ያስጨነቃት በሰው ፊት ክብሯ መነካቱ ነበር። እርሳቸውም ይህን ጭንቀቷን አላቃለሉባትም። ዛሬ ለብዙ በሽተኞች ያንን ሰትር የሚሆንላቸው ሰበብ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ሆኗል። አላህ በሽታን ሲያወርድ መድኃኒቱንም እንዳወረደ ያስተማሩን፣ ታከሙ ብለው ያዘዙንም እኒያው ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው።

የቀደሙት ሐኪሞች ምን አሉ?

የሰው ልጅ ይህን በሽታ ካወቀው ብዙ ሺህ ዓመታት ሆኖታል። በጥንቷ ባቢሎን የሸክላ ጽሑፎች ላይ ሳይቀር ምልክቶቹ ተዘርዝረው ይገኛሉ፤ ምክንያቱ ግን መንፈስ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ከልደተ ዒሳ (ዐ.ሰ) በፊት 400 ዓመት ገደማ በግሪክ አገር በሂፖክራተስ ስም የሚታወቅ ጽሑፍ በሽታው ከሌሎች በሽታዎች የተለየ ምሥጢር እንደሌለው፣ መነሻውም አንጎል እንደሆነ ተከራከረ።

ይህን እውቀት ተቀብለው ካሰፉት ውስጥ የሙስሊሙ ዓለም ሐኪሞች ይገኛሉ። በ313 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 925) ያረፉት አቡ በክር አርራዚ፣ በ428 ዓ.ሒ. (እ.ኤ.አ. 1037) ያረፉት ኢብን ሲናም ስለ ሶርዕ በሰፊው ጽፈዋል። ኢብን ሲና «አልቃኑን» በተባለው ታላቅ የሕክምና መጽሐፋቸው ሶርዕን ከአንጎል በሽታዎች ጋር መድበው አስተምረዋል። መጽሐፉ ወደ ላቲን ተተርጉሞ በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት የሐኪሞች መማሪያ ሆኗል።

«ይህ የሐኪሞች አባባል ነው፤ ዑለማዎችስ?» የሚል ጠያቂ ይኖራል። በ751 ዓ.ሒ. ያረፉት ኢማም ኢብኑል ቀዪም «ዛዱል መዓድ» በተባለው ኪታባቸው ሶርዕን ሁለት ዓይነት ብለው ከፍለውታል። አንደኛው ከክፉ መናፍስት የሚመጣ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከሰውነት ውስጥ መዛባት የሚመጣና ሐኪሞች ምክንያቱንና ሕክምናውን የሚናገሩበት ነው። ጂን መኖሩን ማመን የእምነታችን አካል ነው። ታዲያ በጂን ያመኑት እኒህ ታላቅ ዓሊም ለሐኪሙ የራሱን ድርሻ ከለቀቁለት፣ እኛ የወደቀን ልጅ ሁሉ ገና ሳናስመረምር «ጂን ነው» የምንልበት ምን ማስረጃ አለን?

ክኒኑ ከየት መጣ?

እነዚያ የቀደሙት ሐኪሞች መነሻውን ቢያውቁም በእርግጥ የሚይዝ መድኃኒት አላገኙም ነበር። ዕፅዋቱ፣ ዋግምቱ፣ ማስታወኪያው ሁሉ ተሞክሯል። ለውጡ የጀመረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1857 ነው። በለንደን የሐኪሞች ስብሰባ ላይ ሰር ቻርልስ ሎኮክ የተባለ ሐኪም ፖታስየም ብሮማይድ የተባለ ጨው ሰጥቷቸው መውደቃቸው የቆመላቸው ሴቶች መኖራቸውን ተናገረ። ስለ በሽታው መነሻ የነበረው ግምት ስሕተት ነበር፤ ጨው ግን ሠራ። ሆኖም ብሮማይድ ሰውን ያፈዛል፣ ቆዳን ያቆስላል፤ ስለዚህ መከራውን በሌላ መከራ እንደ መለወጥ ነበር።

በ1912 ደግሞ በጀርመን አገር በፍራይቡርግ ከተማ አልፍሬድ ሃውፕትማን የተባለ ወጣት ሐኪም ነበር። የሚኖረው የሚጥላቸው ሰዎች ከተኙበት ክፍል አጠገብ እንደነበርና ሌሊት ሌሊት በመውደቃቸው እንቅልፍ ያጣ እንደነበር ይነገራል። በሽተኞቹ እንዲያርፉ ብሎ ያኔ አዲስ የወጣውን የእንቅልፍ መድኃኒት ፌኖባርቢታልን ሰጣቸው። ተኙ፤ ግን ከመተኛታቸው በላይ አንድ ነገር አስተዋለ። ቀን ሳይቀር መውደቃቸው ቀንሶ ነበር። ይህ ሐኪም አይሁዳዊ በመሆኑ በናዚዎች ዘመን ከሥራው ተባሮ በ1938 ዳካው በተባለው እስር ቤት ታስሯል፤ በኋላም ተሰዶ በአሜሪካ ሞቷል። ያገኘው መድኃኒት ግን ዛሬም በአገራችን ጤና ጣቢያዎች በብዛት የሚታወቀው ያው ፌኖባርቢታል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1977 የመጀመሪያውን የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ሲያወጣም ከዝርዝሩ ውስጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሌሎችም ተከተሉ። በ1938 በቦስተን ከተማ ሜሪትና ፑትናም የተባሉ ሐኪሞች ፌኒቶይን የሚባለውን መድኃኒት አስተዋወቁ፤ ይህ ሳያስተኛም መውደቅን መከላከል እንደሚቻል አሳየ። በ1953 በስዊዘርላንድ ካርባማዜፒን ተሠራ። በ1962 ደግሞ በፈረንሳይ ግሬኖብል ከተማ ፒየር ኤማር የተባለ ተመራማሪ የተለያዩ ቅመሞችን ቫልፕሮይክ አሲድ በተባለ ፈሳሽ እያሟሟ ይሞክር ነበር። የሞከረው ሁሉ ሠራለት። ነገሩ ሲመረመር የሚሠራው ማሟሟያው ራሱ ሆኖ ተገኘ። ሱብሓነላህ! አላህ መድኃኒቱን ሰው ባልጠበቀው ቦታ አኑሮታል።

ክኒኑ ምን ይሠራል?

አንጎላችን የሚሠራው በጥቃቅን የኤሌክትሪክ መልእክት ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጃክሰን በ1873 የሚጥል በሽታ የሚመጣው ይህ ኃይል በድንገትና ከመጠን በላይ ሲፈስ እንደሆነ ጻፈ። ጀርመናዊው ሐንስ በርገርም በ1929 የአንጎልን ኤሌክትሪክ ከራስ ቅል ውጭ ሆኖ የሚመዘግብ መሣሪያውን ውጤት አሳተመ። ያን ጊዜ ነገሩ በዓይን የሚታይ ሆነ።

እኛ የጣና ዳር ሰዎች በቀላሉ የሚገባን ምሳሌ አለ። ከባሕር ዳር አጠገብ፣ ውኃው ከሐይቁ ወደ ዓባይ በሚወጣበት ቦታ የጨራጨራ ግድብ አለ። የግድቡ በሮች ውኃውን ጨርሰው አያደርቁትም፤ በልኩ እንዲወርድ ይይዙታል እንጂ። መድኃኒቱም እንዲሁ ነው። ፌኖባርቢታል በአንጎል ውስጥ በተፈጥሮ ያለውን የማብረጃ ኃይል ያግዛል። ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ደግሞ ከመጠን በላይ የሚነሣሡትን ሕዋሳት በር ያጠብባሉ። በሽታውን ከሥሩ አይነቅሉትም፤ ይይዙታል። በሮቹን በአንድ ሌሊት ብንነቅላቸው ምን እንደሚከተል ማንም ያውቃል። ክኒን በድንገት የተቋረጠበት ሰውም ከበፊቱ በባሰ ሁኔታ ሊወድቅ፣ አንዱ መንቀጥቀጥ ሳያበቃ ሌላው ሊከተልበት ይችላል፤ ይህም ነፍስ ያጠፋል። እኛ ያን አባት ስናሰናብታቸው ያላወቅነው ይህንን ነበር። ልጅቷ ዓመት ሙሉ ያልወደቀችው ክኒኑ ይዟት እንጂ በሽታው ለቋት አልነበረም።

መድኃኒቱ የሚቋረጥበት ጊዜ የለም ማለት ግን አይደለም። ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳይጥለው ለቆየ ሰው ሐኪሙ አይቶ ከወሰነ፣ በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሊያቆምለት ይችላል። ይህን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ጎረቤት አይደለም፤ ኢማምም አይደለም።

ወደ አገራችን ስንመለስ

በአውሮፓ በ1912 የተገኘ መድኃኒት ለእኛ ገበሬ መቼ ደረሰው? መልሱ ያሳዝናል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1990 ታተመ። ከ60,820 ሰዎች መካከል 316 ሰዎች የሚጥል በሽታ ተገኘባቸው፤ ይህም ከሺህ ሰው አምስት መሆኑ ነው። ከእነዚህ ውስጥ የታወቀውን መድኃኒት ያገኙት ግን ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር። ሃውፕትማን መድኃኒቱን ካወቀው ከሰባ ዓመት በላይ አልፎ ማለት ነው። በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶችና ዳርቻ በሚኖረው በዛይ ማኅበረሰብ ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናትም በሽታው በዚያ ከሌላው ቦታ እጅግ ከፍ ብሎ መገኘቱን አሳይቷል።

በእኛው ሐይቅ ሰሜን ደግሞ መልካም ነገር ተሠርቷል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው፣ በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት ካገለገሉት ከብሪታንያዊው ሐኪም ከኤልድሪድ ፓሪ ጋር ተባብረው፣ የሚጥል በሽታ ሕክምናን ከሆስፒታል አውጥተው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ወሰዱት። ሥራው ቀላል የሚመስል ነው። ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሠለጠኑ፤ በሽተኛው ረጅም መንገድ ከመጓዝ ይልቅ በአቅራቢያው ክኒኑን መውሰድና መታየት ጀመረ። ትምህርቱም ግልጽ ነበር፤ ይህን በሽታ ለመያዝ በየመንደሩ ልዩ ሐኪም እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። የሠለጠነ ነርስ፣ የማይቋረጥ ክኒንና ቀጠሮውን የሚያከብር ቤተሰብ ካሉ ብዙው ሰው ይረዳል። የዓለም ጤና ድርጅትም በትክክል ከታከሙ ከመቶ እስከ ሰባ የሚሆኑት በሽተኞች ሳይጥላቸው መኖር እንደሚችሉ ይገልጻል።

የእኛ ድርሻ

አድማጮቻችን፣ የታሪኩ ቀሪ ምዕራፍ የሚጻፈው በየቤታችን ነው። ስለዚህ ጥቂት ነጥቦችን እናንሣ።

አንደኛው ሩቅያን የሚመለከት ነው። ቁርአን መቅራት፣ ዱዓ ማድረግ ሱና ነው፤ የሚከለክለውም የለም። ነገር ግን «ሩቅያ ስለተጀመረ ክኒኑ ይቁም» የሚል ሰው ከመጣ አትስሙት። ዱዓና መድኃኒት ተጣልተው አያውቁም። ሰንሰለት፣ ድብደባ፣ ጭስ ማጠን ግን ሩቅያ አይደለም፤ በደል ነው።

ሁለተኛው ረመዷን ነው። አላህ (ሱ.ወ) ለታመመ ሰው ፍቆ በሌላ ቀን እንዲተካ ፈቅዷል። አንዳንዱ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ፌኖባርቢታል፣ በሰውነት ውስጥ ብዙ ስለሚቆይ በቀን አንዴ ማታ መውሰድ ሊበቃ ይችላል፤ ሌላው ግን በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ይወሰዳል። የእንቅልፍ ማጣትም በሽታውን ይቀሰቅሳል። ስለዚህ በሻዕባን ወር ካርዳችሁን ይዛችሁ ሐኪሙን አማክሩ። መጾም ይጎዳሃል ከተባለ የአላህን ሩኽሳ መቀበል ዒባዳ ነው።

ሦስተኛው ሰው ሲወድቅ የምናደርገው ነው። ክብሪት ጭሮ ማሽተት አንዳች ጥቅም የለውም። አረፋው አያጋባም፤ በሽታው በመንካት አይተላለፍም። እሳትና ስለት አርቁለት፤ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፤ አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጣት አትክተቱ፤ በጉልበት አትያዙት። መንቀጥቀጡ ሲያባራ በጎኑ አስተኙት። አምስት ደቂቃ ካለፈው ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ሕክምና አሩጡት። ከሁሉም በፊት ደግሞ ልብሱን አስተካክላችሁ ሸፍኑት፤ ከብቦ የሚያየውንም ሰው በትኑ። ያች ሐበሻዊት ሴት የለመነችው ይህንን ነበርና።

አራተኛው ለጣና ዳር ሰው የሚገባ ነው። የሚጥለው ሰው ብቻውን በታንኳ አይውጣ፤ ብቻውን አይዋኝ፤ ውዱእ ለማድረግም ወደ ጥልቁ ዳርቻ ብቻውን አይውረድ። ምድጃ ላይ የምትሠራ ሴት ከጎኗ ሰው ይኑር።

አምስተኛው ክኒኑ የሚያስከትለው ችግር ነው። እንቅልፍና ድካም ሊኖር ይችላል። ሰውነት ላይ ሽፍታ ከወጣ ግን ፈጥኖ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። ቫልፕሮኤት የሚባለው በእርግዝና ጊዜ ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ለማግባት ወይም ለመውለድ የምታስብ ሴት አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር፤ በራሷ ፈቃድ ግን አታቁም። ሌላ መድኃኒት የምትወስዱም ለሐኪሙ ንገሩ፤ መድኃኒት ከመድኃኒት ጋር ሊጋጭ ይችላልና።

በመጨረሻም ስለዚያች ልጅ እንንገራችሁና እናብቃ። ከተቃጠለች በኋላ አባቷ በባሕር ዳር ወደ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል አመጧት፤ ክኒኑም እንደገና ተጀመረላት። እኛም ቤታቸው ድረስ ሄደን ዐፍው ጠየቅን። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆናለች። ክኒኗን ከዒሻ ሶላት በኋላ ትውጣለች። እናቷ ሶላቱን ሲጨርሱ ውኃ በብርጭቆ ያቀርቡላታል፤ ይህ በቤቱ ውስጥ ልማድ ሆኗል። አንድ ቀን ስንጠይቃቸው አባትየው «ሸኽ፣ አሁንስ እናስቁማት እንዴ?» ብለው ሳቁብን። እኛም «ሐኪሟን ይጠይቁ» አልናቸው። ይህን አጭር መልስ ለመማር ብዙ ዓመት ፈጅቶብናል።

አላህ የታመሙትን ያሽርልን፣ ለሚያስታምሙት ሶብር ይስጥልን፣ ባለማወቅ የተናገርነውንም ይማረን። ወሏሁ አዕለም። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።